ዳታቤዙ አልነሳ ሲል፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ መጨረሻው ደረሰኝ

"ሲስተም የለም" ሲባል ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ወረፋው ይቆማል፣ ሰው ሰዓቱን ያያል፣ አንዱ ከኋላ ያጉረመርማል። ይህ ጽሑፍ ከመስኮቱ ወዲያ፣ ጓዳ ውስጥ ላለው ሰው ነው። ስልኩ ከሦስት ቦታ ለሚጮህበት፣ አለቃው ትከሻው ላይ ቆሞ "ስንት ደቂቃ ይፈጃል?" ለሚለው።

የምጽፈው ፖስትግሬስ ስለሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው፤ የዕለት እንጀራዬ እሱ ስለሆነ። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ሌላ የዳታቤዝ ፕሮግራም ለምትሠሩ የሚለይበትን ቦታ አለፍ አለፍ እያልኩ እጠቁማለሁ። የትዕዛዞቹን ስም ሥራ ላይ እንደምንጠራቸው ነው የጻፍኩት።

አስቀድሜ የራሴን ጉድ ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ጅምላ አከፋፋይ ሰርቨር ዲስኩ ሞላ። ሌሊት ነበር። ቦታውን የበላው የትኛው ፎልደር እንደሆነ ስፈልግ "ፒጂ ኤክስሎግ" የሚባል አገኘሁ። ሎግ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ተራ ጽሑፍ) ነው ብዬ ፋይሎቹን ጠረግኳቸው። ቦታ ተገኘ። እፎይ ብዬ ሪስታርት አደረግኩ። ዳታቤዙ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

ያ ፎልደር የተራ ሎግ ማጠራቀሚያ አይደለም። ዳታቤዙ እያንዳንዱን ለውጥ ዋናው ፋይል ላይ ከማስፈሩ በፊት የሚጽፍበት ደብተር ነው። ደብተሩ ከጠፋ፣ የተጀመረውና ያልተጨረሰው ነገር ምን እንደነበር ማንም አያውቅም። ለካ ብቻዬን አልነበርኩም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የፖስትግሬስ ስሪት 10 የፎልደሩን ስም "ፒጂ ዋል" ብሎ ቀየረው፤ አንዱ ምክንያትም ሰው "ሎግ" የሚለውን እያየ መሰረዙ ነበር።

ዲስኩ ሲሞላ ዳታው ደህና ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የመጣው ከዚያ ሌሊት ነው።

1. እጃችሁን ሰብስቡ፣ ሰዓት ጻፉ

ኪቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሰዓቱን ጻፉ። ከዚያ የደወለውን ሰው ጠይቁ፦ ስክሪኑ ላይ በትክክል ምን ይላል? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ከዚያ በፊት መብራት ሄዶ ነበር? አፕዴት የተደረገ ነገር አለ? "ምንም አልነካሁም" የሚል መልስ ከመጣ ጥያቄውን አዙራችሁ ድገሙት። አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ነገር ተነክቷል።

መልሱ ከሦስት ወደ አንዱ ይመራችኋል። ወይ ዳታቤዙ ጨርሶ አልተነሳም። ወይ ተነስቷል፣ ሰው ግን አያስገባም። ወይ ተነስቶ ያስገባል፣ ዳታው ግን ጎድሏል ወይም ተዛብቷል። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። በተለይ ሦስተኛውን በሪስታርት ለማከም የሚሞክር ሰው ነገሩን ያባብሰዋል።

2. ሎጉን ከላይ ወደ ታች አንብቡ

ኡቡንቱ ላይ ሎጉ ቫር ሎግ ውስጥ በፖስትግሬስ ስም ይገኛል። ሬድሃት መሰሎቹ ላይ ደግሞ ዳታው ባለበት ፎልደር ውስጥ "ሎግ" በሚባል ንዑስ ፎልደር ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው የመጨረሻውን መስመር ነው። ፈልጉ የምላችሁ የመጀመሪያውን ስህተት ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ ሃምሳ ነገር ተከትሎ ይጮሃል፤ ምክንያቱ ያለው ጩኸቱ የተጀመረበት ላይ ነው።

ቀላል ቀላሎቹን ቶሎ ጨርሷቸው። ዲስኩ ሞልቷል? የዲስክ ቦታን በሚያሳየው ዲኤፍ በሚባል ትዕዛዝ እዩ፤ ቦታውን ብቻ ሳይሆን አይኖዱንም (ዲስኩ ሊይዝ የሚችለውን የፋይል ብዛት)። ፖስትግሬስ የሚያዳምጥበትን ፖርት 5432ን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል? አንድ ሰው የዳታ ፎልደሩን ፈቃድ "ለሁሉም ክፍት" አድርጎታል? ፖስትግሬስ እንደዚያ ሲያይ አልነሳም ይላል፤ 700 (ለባለቤቱ ብቻ) ወይም ከስሪት 11 ወዲህ 750 (ቡድኑም እንዲያነብ) ብቻ ነው የሚቀበለው። "በሲግናል 9 ተገደለ" የሚል መስመር ካለ ሊኑክሱ ሚሞሪ አልቆበት ራሱ ገድሎት ሊሆን ይችላል። ይህን የሊኑክሱን መልእክቶች የሚያሳየው ዲሜሴጅ የሚባል ትዕዛዝ ያረጋግጥላችኋል።

ፖስትማስተር ፒአይዲ የምትባለዋ፣ ፖስትግሬስ እየሠራ መሆኑን የምታመለክተው ፋይል እንቅፋት ከሆነችባችሁ፣ ከመሰረዛችሁ በፊት በእርግጥ የሚሠራ የፖስትግሬስ ፕሮሰስ አለመኖሩን አረጋግጡ። ሁለት ፖስትግሬስ በአንድ ፎልደር ላይ ከተነሱ ዳታው ተበላ ማለት ነው።

ሰው አላስገባ ያለው "ኮኔክሽን በዛ" ብሎ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሳይቀየር ከተተወ ጣሪያው 100 ነው፤ ከዚያ ውስጥ 3ቱ ለሱፐርዩዘር (ሙሉ ሥልጣን ላለው ተጠቃሚ) የተጠበቁ ናቸው። በነሱ ግቡና ማን ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ፒጂ ስታት አክቲቪቲን እዩ። ትራንዛክሽን (አብሮ የሚጸድቅ ወይም አብሮ የሚቀር የለውጥ ጥቅል) ከፍተው ሥራ ፈተው የተቀመጡትን አቋርጡ። ጣሪያውን ወደ 1000 መስቀል መፍትሔ አይደለም፤ ጥቂት ኮኔክሽኖችን ለብዙ ሰው የሚያጋራውን ፒጂባውንሰር ከፊቱ አስቀምጡ።

3. ዲስክ ሲሞላ ምን ይሰረዛል?

ፒጂ ዋል ውስጥ ያለ ነገር አይሰረዝም። አንዲት ፋይልም ቢሆን። የሚሰረዘው የድሮ የጽሑፍ ሎግ፣ የተረሳ ዳምፕ (ወደ ፋይል የወጣ የዳታ ቅጂ)፣ የፓኬጅ ካሽ (የወረዱ የፕሮግራም መጫኛዎች) ነው። የዲስኩ ፋይል ሲስተም ኢኤክስቲ4 ከሆነ ሌላም መውጫ አለ። ብዙውን ጊዜ 5 በመቶው ለሩት (ለሊኑክሱ ዋና ተጠቃሚ) ተይዞ ይቀመጣል። በቱን2ኤፍኤስ ትዕዛዝ ወደ 1 በመቶ ብታወርዱት ፖስትግሬስ የሚተነፍስበት ቦታ ያገኛል። በ500 ጊጋ ዲስክ ላይ ይህ 20 ጊጋ ነው። እኔ ደግሞ በየሰርቨሩ ምንም የሌለባት የ2 ጊጋ ፋይል አስቀምጣለሁ። ሥራዋ ቦታ መያዝ ብቻ ነው። በጭንቅ ሰዓት መጀመሪያ የምትሄደው እሷ ናት።

ከዚያ ፒጂ ዋል ለምን እንዳበጠ ጠይቁ። እያንዳንዱ የዋል (የዚያ ደብተር) ፋይል 16 ሜጋ ነው፤ ተራው ሲደርስ ራሱ ያጸዳዋል። ካላጸዳ የያዘው ነገር አለ። ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንዱ የዋል ፋይሎችን ወደ ማከማቻ የሚልከው አርካይቭ ኮማንድ ነው፦ ፋይሉን ወደ ባክአፕ ቦታ መላክ ካልቻለ ፖስትግሬስ "እስክትወስዱልኝ አልጥልም" ይላል። ሌላው የተረሳ የሪፕሊኬሽን ስሎት (ለሪፕሊካ፣ ማለትም ለተከታይ ቅጂ ሰርቨር፣ ዋል የሚያስጠብቅ ምዝገባ) ነው። አንድ ወቅት ሪፕሊካ ነበረ፣ ማሽኑ ተነቀለ፣ ስሎቱ ግን ቀረ። ዋናው ሰርቨር የማይመጣውን እንግዳ እየጠበቀ ያጠራቅማል። ስሎቱን ስታጠፉት ከቀጣዩ ቼክፖይንት (ለውጡ ሁሉ ዋናው ፋይል ላይ ሰፍሮ ምልክት የሚደረግበት ነጥብ) በኋላ ቦታው ይለቀቃል። ከስሪት 13 ወዲህ ለዚህ ጣሪያ ማበጀት ይቻላል፤ ሳይነካ ከተተወ ግን ጣሪያ የለውም።

4. መብራት ሄዶ ከመጣ፣ ተዉት ይሥራ

ዩፒኤሱ ባትሪው ደክሟል፣ ጀኔሬተሩ እስኪነሳ ሰርቨሩ ወድቋል። መብራት ሲመለስ ፖስትግሬስ "በአግባቡ አልተዘጋሁም፣ ራሴን እያስተካከልኩ ነው" የሚል መስመር ይጽፋል። ይህ መልካም ዜና ነው። ደብተሩን ከመጨረሻው ቼክፖይንት ጀምሮ እያነበበ ያልተጨረሰውን እየሞላ ነው። በዚህ መሃል ለመግባት የሚሞክር ሁሉ "በመነሳት ላይ ነኝ" ይባላል።

ስህተቱ የሚሠራው እዚህ ነው። አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ትዕግስት ያልቃል፣ አንዱ ኪል 9 (በግድ ማጥፊያ ትዕዛዝ) ይሰጠዋል፣ ሥራው ሀ ብሎ ይጀምራል። ከስሪት 15 ጀምሮ በየ10 ሰከንዱ የት እንደደረሰ ሎጉ ላይ ይጽፋል። እሱን ተከታተሉ። አንዳንዴ ገዳዩ ሰው ሳይሆን ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ነው፤ "በጊዜው አልተነሳም" ብሎ ያቋርጠዋል። የሰርቪሱን የመነሻ ጊዜ ገደብ አንሱለት።

5. ከመጠገን በፊት ኮፒ

ራሱ ካልተነሳ ሰርቪሱን አቁሙና የዳታ ፎልደሩን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አድርጉ። ቴብልስፔስ (ከዋናው ፎልደር ውጭ የተቀመጠ ዳታ) ሌላ ዲስክ ላይ ካለ እሱንም ጨምሩ። አለቃችሁ "አሁን ኮፒ የሚደረግበት ሰዓት ነው?" ይላሉ። አዎ፣ ነው። 200 ጊጋ በሰከንድ 100 ሜጋ ቢገለበጥ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚህ በኋላ የምትሞክሩት ነገር ሁሉ መመለሻ የሚኖረው ይህ ኮፒ ካለ ብቻ ነው።

ዲሜሴጅ ላይ የዲስክ ንባብ ስህተት ካያችሁ ተራ ኮፒ አትጠቀሙ። ዲዲሬስኪው ሙሉ ዲስኩን ወደ ምስል ፋይል ይገለብጥላችኋል፤ መጥፎውን ቦታ ዘሎ መጀመሪያ ደህናውን ያወጣል። የሚሞት ዲስክ ላይ ጥገና መሞከር የቀረችውን ትንፋሽ መጨረስ ነው።

6. "ትክክለኛ የቼክፖይንት መዝገብ አላገኘሁም"

ሎጉ ላይ "ፓኒክ" በሚል ቃል የሚጀምር ይህ መስመር የእኔ የዚያ ሌሊት መስመር ነው። በመጀመሪያ ፒጂ ኮንትሮልዳታን አስኪዱ፤ ምንም አይነካም፣ ብቻ ያሳያል። ዳታቤዙ በሰላም ተዘግቶ ነበር ወይስ በሥራ ላይ እያለ ወደቀ የሚለውን ከዚያ ታያላችሁ። የጠፋው የዋል ፋይል አርካይቭ ላይ ካለ አምጥታችሁ መልሱት፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ያበቃል። ፎልደሩ ከባክአፕ የመጣ ከሆነ ደግሞ ባክአፕ ሌብል የምትባለውን ፋይል አትሰርዙ። ከየት ጀምሮ ማንበብ እንዳለበት የምትነግረው እሷ ናት።

ፍለጋ ላይ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ምክር ፒጂ ሪሴትዋል ይሆናል። እውነት ነው፣ ዳታቤዙን ያስነሳዋል። የሚያስነሳው ግን ደብተሩን ቀዶ ነው። ግማሹ የተጻፈ ሽያጭ፣ ከሂሳቡ የወጣ ግን ሌላው ላይ ያልገባ ገንዘብ እንዳለ ይቀራል፤ ማንም አይነግራችሁም። ሌላ ባክአፕ ጨርሶ ከሌለ ብቻ፣ ያውም ኮፒው ላይ አስኪዱት። ከተነሳ ወዲያው በፒጂ ዳምፕ ያለውን አውጡ፣ አዲስ ክላስተር (ባዶ የፖስትግሬስ ዳታ ፎልደር) ፍጠሩ፣ እዚያ መልሱት። በተቀደደው ላይ ሥራ አትቀጥሉ።

ማይኤስኪውኤል ላይ ተመሳሳዩ ኢኖዲቢ ፎርስ ሪከቨሪ የሚባለው ቅንብር ነው። ከ1 እስከ 6 ደረጃ አለው። ከ1 ጀምራችሁ አንድ አንድ ውጡ። 4 እና ከዚያ በላይ ያለው ዳታውን እስከ ወዲያኛው ሊያበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ እዚያም ኮፒ ላይ ነው።

7. ገጹ ሲበላሽ

ፖስትግሬስ ዳታውን በ8 ኪሎባይት ገጾች ነው የሚያስቀምጠው። አንዱ ገጽ ሲበላሽ ብሎክ ቁጥሩንና የፋይሉን ቁጥር ይነግራችኋል። ፋይሉ የማን እንደሆነ በኦአይዲ2ኔም ፈልጉ። ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፦ ሪኢንዴክስ ታደርጋላችሁ፣ አለቀ። ኢንዴክስ ከቴብሉ ተመልሶ የሚሠራ ነገር ነው።

ማንም ሳያውቅ የሚበላሽ ኢንዴክስም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጂሊብሲ 2.28 (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚጋሩት መሠረታዊ ኮድ) የፊደል አደራደር ደንቡን ቀየረ። ስለዚህ ዴቢያንን ወደ 10 ወይም ሬድሃትን ወደ 8 ያሳደገ ሰው፣ በድሮው አደራደር የተሠሩ የጽሑፍ ኢንዴክሶች ይዞ አዲስ ቤት ገባ። ምንም ስህተት አይጽፍም። ደንበኛው አለ፣ በስሙ ስትፈልጉት ግን አይገኝም። "ትናንት መዝግቤዋለሁ፣ ዛሬ የለም" የሚል ስሞታ ከኦኤስ ለውጥ በኋላ ከመጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው። ከስሪት 14 ወዲህ ፒጂ ኤምቼክ ይህን ይፈትሽላችኋል።

የተበላሸው ራሱ ቴብሉ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሌሎቹን ቴብሎች በሙሉ ዳምፕ አድርጋችሁ አድኑ። ከዚያ የተጎዳውን በቁጥር ክልል እየከፋፈላችሁ አውጡ፤ ከ1 እስከ 10,000፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ የሚሰናከለው ጋ ስትደርሱ እያጠበባችሁ። ዜሮ ዳሜጅድ ፔጅስ የሚባለው ማብሪያ የተበላሸውን ገጽ ባዶ አድርጎ ያልፋል። ይጠቅማል፤ ገጹ ላይ የነበረው ሁሉ ግን ሄደ ማለት ነው። ዋናው ላይ አትክፈቱት።

8. ሰው ሲሰርዝ

እንደኔ ልምድ ከዲስክም ከመብራትም ይልቅ የሚያስለቅሰው ይህ ነው። ዌር የሌለው ዲሊት፣ ማለትም የትኛው ረድፍ እንደሚሰረዝ ያልተነገረው የስረዛ ትዕዛዝ። ኢንተር ተመታ፣ "48,212 ረድፍ ተሰርዟል" አለ፣ ዝምታ ሆነ።

ዋል አርካይቭ (ተጠብቀው የተቀመጡ የዋል ፋይሎች) ካላችሁ ወደዚያች ደቂቃ መመለስ ይቻላል። ግን በሚሠራው ሰርቨር ላይ አይደለም፤ ጎን ላይ በሌላ ማሽን ነው። ዋናው ላይ ከመለሳችሁ ከስረዛው በኋላ የገባውን ሥራ በሙሉ ታጣላችሁ።

ጎን ባለው ማሽን ላይ ያንኑ ስሪት ጫኑ። ከአደጋው በፊት የተወሰደ ቤዝ ባክአፕ (የመላው ዳታ ፎልደር ቅጂ) ባዶ ፎልደር ላይ አራግፉ። ከአደጋው በኋላ የተወሰደ አይሆንም፤ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ መሄድ አይችልም። ዋናው ሰርቨር ላይ ፒጂ ስዊች ዋልን ጥሩ፤ ገና ያልሞላው የመጨረሻ የዋል ፋይል ወደ አርካይቭ እንዲሄድ። ጎን ያለው ላይ አርካይቭ ሞድን ዝጉ፤ አለበለዚያ የራሱን ፋይል የዋናው አርካይቭ ውስጥ ይጨምራል። ሪስቶር ኮማንድን አርካይቩ ወዳለበት አሳዩት፣ ሪከቨሪ ታርጌት ታይምን (የሚቆምበትን ሰዓት) ሙሉ፣ ሪከቨሪ ሲግናል የምትባል ባዶ ፋይል ፍጠሩና አስነሱት። ከስሪት 12 በፊት ላላችሁ ይህ ሁሉ የሚገባው ሪከቨሪ ኮንፍ ውስጥ ነው።

እኛ አገር ልዩ ወጥመድ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ልጅቷ "8 ሰዓት ከ20 ላይ ነው የነካሁት" ትላለች። በሰርቨሩ ሰዓት ይህ 14:20 ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከሆነ ደግሞ 11:20። 8:20 ብላችሁ ከጻፋችሁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ፣ የጠዋቱ ሽያጭ የት ሄደ ብላችሁም ትደነግጣላችሁ። ስለዚህ ሰዓቱን ስትጽፉ ፕላስ ሦስትን አብራችሁ ጻፉ። የሌሊቱ ይብሳል። "ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት" ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ለረቡዕ አጥቢያ ማለቱ ነው፤ በሰርቨሩ ቀን አቆጣጠር ረቡዕ 02:00 ነው። ጠይቁት።

የሰው ትዝታ እንኳን በደቂቃ በሰዓትም ይሳሳታል። ፒጂ ዋልዳምፕ የዋል ፋይሉን አንብቦ የእያንዳንዱን ትራንዛክሽን ቁጥርና የጸደቀበትን ሰዓት ያሳያል። የስረዛው ብዛት ያለበትን ትራንዛክሽን እዚያ ለይታችሁ፣ "እሱ ጋ ሳትደርስ ቁም" ብላችሁ በቁጥሩ ብታዙት ከሰዓት ግምት ትገላገላላችሁ።

ሳትነኩት ከተዋችሁት ዒላማው ጋ ደርሶ ቆሞ ይጠብቃል። ለንባብ ብቻ ክፍት ነው። ገብታችሁ ረድፎቹን ቁጠሩ። ገና ከሆነ አጥፍታችሁ ዒላማውን ወደ ፊት ገፋ አድርጉና እንደገና አስነሱ። ካለፈ ግን ከቤዝ ባክአፑ እንደገና ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ቀደም ብሎ መቆም ይሻላል። ልክ ሲሆን ያንን አንድ ቴብል ብቻ ዳምፕ አድርጋችሁ ወደ ዋናው ሰርቨር በሌላ ስም አስገቡት። ከዚያ የጎደሉትን ረድፎች ብቻ ወደ ቦታቸው መልሱ። በማይኤስኪውኤል ይህ ሥራ የሚሠራው በማይኤስኪውኤል ቢንሎግ ነው።

አርካይቭም ባክአፕም ከሌለስ? አንዲት ቀጭን ዕድል አለች። ፖስትግሬስ የተሰረዘን ረድፍ ወዲያው አያጠፋውም፤ ቫኪዩም የሚባለው የጽዳት ሥራ እስኪመጣ ዲስኩ ላይ ይቆያል። በዚያ ቴብል ላይ ኦቶቫኪዩምን (ጽዳቱ በራሱ የሚሄድበትን) አጥፉ፣ አፕሊኬሽኑን አቁሙ፣ ምክንያቱም ማንበብ እንኳ አንዳንዴ የሞቱ ረድፎችን ያጸዳል። ዳታቤዙን ዝጉ፣ ኮፒ ያዙ። ፒጂ ደርቲሪድ የሚባለው ኤክስቴንሽን ኮፒው ላይ የሞቱትን ረድፎች ሊያነብ ይችላል። ትራንኬት (ቴብሉን በሙሉ ባዶ ማድረግ) ወይም ድሮፕ (ቴብሉን ራሱ ማጥፋት) ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ ትራንዛክሽኑ ሲጸድቅ ፋይሉ ራሱ ይሄዳል።

ባክአፕ አለን የምትሉ ደግሞ የፕሮግራም ኮድ ማከማቻ አገልግሎት የሚሰጠውን የጊትላብን ነገር አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያቸው ባዶ ፎልደር የሰረዘ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር ሰረዘ። ከ300 ጊጋ ገደማ 4 ተኩል ጊጋ ያህል ቀረ። በየቀኑ የሚወሰደውን ዳምፕ ሲፈልጉ ቦታው ባዶ ነበር። ሰርቨሩ የፖስትግሬስ ስሪት 9.6 ሲሆን ዳምፑን ይወስድ የነበረው የ9.2 ፕሮግራም ስለነበር ሁልጊዜ ይከሽፍ ነበር፤ የመክሸፉ ኢሜይልም ተቀባይ ጋ አልደረሰም። ያዳናቸው አንድ ሰው ለሌላ ጉዳይ ከስድስት ሰዓት በፊት በእጁ የወሰደው ስናፕሾት (የዲስኩ ቅጽበታዊ ቅጂ) ነው። እነሱ ሳይደብቁ ስለጻፉት ነው ይህን የምናውቀው። እኔ ከዚያ ወዲህ በወር አንድ አርብ የዘፈቀደ ባክአፕ መርጬ ባዶ ማሽን ላይ አስነሳለሁ፣ የፈጀውንም ደቂቃ እጽፋለሁ። ለ"ስንት ደቂቃ ይፈጃል?" የምሰጠው መልስ ከዚያ ወረቀት የሚነበብ ነው።

9. ከመክፈታችሁ በፊት

ተነሳ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። አናላይዝ (ፖስትግሬስ ስለ ዳታው ያለውን ስታቲስቲክስ የሚያድስ ትዕዛዝ) አስኪዱ፤ አለበለዚያ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፍና ሁለተኛ ዙር ስልክ ይጀምራል። አዲስ ቤዝ ባክአፕ ውሰዱ፣ የድሮውን ኮፒ ግን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አትንኩ።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ሂዱ። ሲስተሙ ሲጠፋ ልጆቹ በእጅ ደረሰኝ ቆርጠዋል፤ ጥራዙን ተቀበሏቸው። ከመቋረጡ በፊት የታተመው የመጨረሻ ደረሰኝ ቁጥር ስንት ነው? ዳታቤዙ ውስጥ ያለው የመጨረሻ ቁጥርስ? ወረቀቱ 7,418 ብሎ ዳታቤዙ 7,411 ካለ፣ ሰባት ሽያጭ ጎድሏል፤ የትኞቹ እንደሆኑም ወረቀቱ ላይ አሉ። ሲኩዌንሱን (ቀጣዩን ቁጥር የሚሰጠውን ቆጣሪ) ከወረቀቱ በላይ ከ7,419 እንዲነሳ አድርጉት፤ አንድ ቁጥር ሁለት ደረሰኝ ላይ እንዳይወጣ። ሰባቱን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያስገባ፣ ሌላ ሰው ይቁጠርለት። በእጅ የተቆረጡት ከነሱ ቀጥሎ ይግቡ።

ከዚያ ስልኩን አንሱና "ሲስተም አለ፣ ጀምሩ" በሉ።